በሚኒባስ የሚጓዝ ሰሌዳ

አባቴን ለወራት ያህል ስሰድበው ከርሜያለሁ። በሐሰት ስም፣ በአደባባይ፣ በጥሩ አማርኛ። ይህን ሳወራ ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እፍረቱ በኋላ ስለሚመጣ መጀመሪያ ትንሽ ልሳቅበት።

የምሠራበት ማሠልጠኛ ሁለት ግቢ አለው፤ አንዱ ሚዛን፣ ሌላው ቴፒ። እኔ የሚዛኑ ግቢ መዝገብ ቤት ውስጥ ነኝ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው መስመር ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፤ ሚዛን ደግሞ መቼ እንደማይዘንብ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ቴሌግራም አለን፤ ግን ቴሌግራም የሚሠራው ኔትወርክ ሲኖር ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አሮጌ ነገር መጣል የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የተማሩትን አንድ የድሮ ዘዴ አውጥተው ጫኑልን። ኒውስግሩፕ ይባላል አሉ። ስሙ ለአፋችን አልተመቸንምና «ሰሌዳው» አልነው፤ በዚያው ቀረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንደ ስልክ መልእክት ለአንድ ሰው አይጻፍበትም። ሰሌዳው በርዕስ የተከፋፈለ ነው፤ የቡና አለ፣ የኳስ አለ፣ የጠፋና የተገኘ አለ፣ ፋይል የሚለጠፍበት አለ። አንዱ ይለጥፋል፣ የፈለገ ያነባል፣ የተናደደ ከሥሩ መልስ ያንጠለጥላል፣ በመልሱ የተናደደ ደግሞ ከመልሱ ሥር ሌላ ያንጠለጥላል። ሰሌዳው አንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ሚዛን ያለው ሰርቨር አንድ ቅጂ ይይዛል፣ የቴፒው ሌላ ቅጂ ይይዛል፤ ሲገናኙ አንዱ የጎደለውን ከሌላው ይገለብጣል። በሌላው ዓለም ሰርቨሮቹ የሚገናኙት በመስመር ነው አሉን። እኛ ጋ መስመሩ ስለማይታመን ኃላፊው ሚኒባስ አመኑ።

በየጠዋቱ የሚዛንን አዳዲስ መልእክቶች በፍላሽ ገልብጠው መናኸሪያ ይወርዱና ለአንድ የቴፒ ሾፌር ይሰጣሉ። ሾፌሩ ቴፒ ላይ ለሚቀበለው ሰው ያስረክባል፤ ከሰዓት በኋላ የቴፒውን ፍላሽ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ማታ ሚዛን ላይ የተሰደበ ሰው በማግስቱ እረፋድ ላይ ቴፒ ሆኖ ይናደዳል፤ መልሱም አመሻሽ ላይ ሚዛን ይደርሳል። ለጠብ እንዲህ የሚመች ፍጥነት አላየሁም። ሰው አስቦ የሚሳደብበት ጊዜ ያገኛል።

ፋይል ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሰሌዳው ትልቅ ነገር በአንዴ አይቀበልም። ስለዚህ ፋይሉ እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመደባል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ወጥቶለት ለብቻው ይለጠፋል። ተቀባዩ ቁራጮቹን ሁሉ ለቅሞ ያወርድና ፕሮግራሙ ይገጥምለታል። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ጠቅላላው አይከፈትም። ያን ጊዜ ማድረግ ያለበት ሰሌዳው ላይ ወጥቶ «እባካችሁ ቁጥር ይህን ድገሙልኝ» ብሎ መለመን ነው። ካልተጠየቀ አይደገምም። ወር ያለፈውን መልእክት ደግሞ ሰርቨሩ ቦታ ለማግኘት ብሎ ራሱ ይጠርገዋል።

አባቴ የሚኖረው ቴፒ ነው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ቡና ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። እናቴ ካረፈችና እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ስደውልለት «ደህና ነኝ» ይላል። ምን እንደበላ ስጠይቀው «በላሁ» ይላል። ከዚያ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ ትንሽ እናወራና እንዘጋለን። ፈራሁለት። በቴፒው ግቢ አልፎ አልፎ ለሠልጣኞች የችግኝ ሥራ ስለሚያሳይ የሰሌዳውን አጠቃቀም ላስተምረው ወሰንኩ።

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ግትር ተማሪ ነው፤ ለምን እንደሆነ ካልነገሩት አንድም ቁልፍ አይጫንም። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ መልሱ፣ ስለ ቁራጮቹ፣ ካልተጠየቀ እንደማይደገም። ከእያንዳንዱ መልእክት በላይ ተደብቆ የሚገኘውን ራስጌ የሚባለውን ነገር ሳይቀር አሳየሁት። ራስጌው መልእክቱ መቼ እንደተጻፈ፣ ከየትኛው ማሽን እንደተነሳና በየት በኩል እንዳለፈ ይዘረዝራል። ይህን ያስተማርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሌላ ማንንም መውቀስ አልችልም።

አባቴ ገባና ዝም አለ። ያነባል እንጂ አይጽፍም። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሰሌዳው ላይ ይበዛሉ፤ ድንኳን በር ላይ ቆመው ሠርግ እንደሚያዩት ዓይነት። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መዝገብ ቤቱ ባለጉዳይ ሲያጣ፣ ሌላ ስም ከፍቼ ገባሁ።

ስሙን «ዝንጀሮ» አልኩት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተጣላው ከዝንጀሮ ጋር ነው፤ ችግኙን እየነቀሉ አስቸግረውታል። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ የእነሱ ስም የማይነሳበት ራት አልነበረም። በቡናው ርዕስ ሥር እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ ለቡና ችግኝ ጥላ መሥራት ማቅበጥ ነው፤ ፀሐይ ይልመድ፤ ለእኛስ ማን ጥላ ሠራልን።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ የአባቴ መልስ መጣ። አሥራ አንድ ነጥብ ነበረው፤ ሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ተከፋፍሏል። ደስ ብሎኝ ወንበሬ ላይ ልሞት ደረስኩ። ስልክ ላይ «በላሁ» ከማለት በቀር ቃል የማይወጣው ሰው ስለ ጥላ ብቻ ሁለት ገጽ ጽፏል። ዝንጀሮ በትሕትና መለሰ፦ «እርስዎ ብዙ ያውቃሉ፤ ችግሩ የሚያውቁት ሁሉ አሮጌ መሆኑ ነው።» ዝንጀሮ ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው የሚለው። አባቴን በቤት አንተ እያልኩ በሰሌዳ እርስዎ እያልኩ መስደብ ልዩ ጣዕም ነበረው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዝን። ስለ ውኃ ማጠጫ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ስለ አፈር ተጨቃጨቅን። ዝንጀሮ ችግኝ ሲዘፈንለት ቶሎ ያድጋል ብሎ ሲጽፍ አባቴ ዘፈንና ቅጠል የማይገናኙበትን ምክንያት በዝርዝር አስረዳ፤ የኳሱን ርዕስ የሚያነቡት ሳይቀሩ ወደ ቡናው መጡ። ሰዉ በሁለት ተከፈለ። ኮሪደር ላይ «ዝንጀሮ ዛሬ ምን አለ?» የማይል አልነበረም፤ እኔም አብሬ እጠይቅ ነበር። አባቴ ስልክ ላይ አሁንም «በላሁ» ነው የሚለው፤ ግን ድምፁ ነቅቷል። እኔ አባቴን በሕይወት እያቆየሁ ነው ብዬ በልቤ ራሴን አመሰገንኩ።

በመሀሉ ደብተሩን ማካፈል ጀመረ። ይህን ደብተር በደንብ አውቀዋለሁ። ችግኝ ጣቢያ በነበረበት ዘመን ሁሉ በብብቱ ሥር ይዞት የሚዞር፣ ስለ ችግኞቹ የሚጽፍበት ወፍራም ደብተር ነው። ገጹን በስልክ እያነሳ አንድ ፋይል አደረገውና በአርባ ቁራጭ ለጠፈው። ፍላሹ ሚዛን ደርሶ ሲገለበጥ መብራት ሄደ፤ አሥራ ሰባተኛዋ ቁራጭ ጎደለች። ሠላሳ ዘጠኙን ማሽኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። አሥራ ሰባተኛዋን ግን አልጠየቅሁም፤ ሚዛን ላይ የጠየቀ ሌላ ሰውም አልነበረም። ዝንጀሮ «የማይከፈት ደብተር ጥሩ ነው፤ ስሕተቱ አይታይም» ብሎ ለጠፈ።

እውነቱን ልናገር፤ ያንን ደብተር አልወደውም ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ነበረና አባቴ መጣ። ሲገባ አየሁትና ላስደነግጠው ከኋላው ተከተልኩት። ደብተሩ በብብቱ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ዘበኛውን «ልጄ የትኛው ክፍል ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። የእያንዳንዱን ችግኝ ቅጠል ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው የልጁን ክፍል ከዘበኛ ይጠይቃል። ለማንም አልተናገርኩም፤ አልረሳሁትምም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ስለ ማዳበሪያ በተነሳ ክርክር አባቴ እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «ዝንጀሮ የተባሉትን ሰው አባት ያሳደጋቸው አይመስለኝም።» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ይታወቃል። ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ፦ «አንተ የችግኝ ልደት ታውቃለህ። የልጅህን ክፍል ግን ከትምህርት ቤት ዘበኛ ነው የጠየቅከው። ደብተርህን ለምድጃ ስጠው።» ለጠፍኩት፣ ቢሮውን ቆለፍኩ፣ አማን ሰፈር ወዳለው ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። እርስዎ ማለቱን ረስቼዋለሁ። ዘበኛውን አንስቻለሁ። ይህን ሲያነብ ማን እንደጻፈው ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ እንኳን ዝንጀሮን፣ እኔንም አያናግርም። ብቻውን ከዚያ ጭር ካለ ቤት ጋር ይቀራል። ሰሌዳው ላይ መልእክት መሰረዝ ይቻላልና ሰረዝኩት። ከዓይኔ ጠፋ። ተነፈስኩ። ከዚያ ፍላሹ ትዝ አለኝና ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሮጥኩ።

ኃላፊው ከመናኸሪያ ተመልሰው ሻይ እየጠጡ ነበር። ምን እንደሰረዝኩ ሳልነግር ስለ አሠራሩ ብቻ ጠየቅኋቸው። ስረዛ ማለት ሌላ መልእክት ነው አሉኝ፤ «ያንን አጥፋው» የሚል መልእክት። በደረሰበት ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ባልደረሰበት አይሠራም። የትናንቱ መልእክት ዛሬ ጠዋት በፍላሹ ወጥቷል፤ ስረዛው ነገ በሚሄደው ፍላሽ ይከተለዋል። ይህን እየነገሩኝ ስኳር ያማስላሉ። ስረዛውን በራሴ ፍላሽ ገልብጬ ባጃጅ ያዝኩ።

መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ አልወጣም። አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል። ፍላሹ በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩን አባበልኩት። ከመሥሪያ ቤቱ ነው የመጣሁት አልኩ፤ የተረሳ ነገር አለ አልኩ፤ በመጨረሻ እውነቱን ተናገርኩ፤ ውስጡ ያለው የኔ ነው አልኩ።

«እህቴ፣ ውስጡን አላውቅም» አለኝ። «እኔ የማውቀው የሰው አደራ መሆኑን ነው። ለሰጡኝ ሰው ወይ ለሚቀበለኝ ሰው እንጂ ለማንም አልሰጥም።»

የቀረኝ ነገር ተከትሎ መሄድ ነው። ገባሁና ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ መኪናው ሞላ፤ ሲሞላ ተነሳ። መንገዱ ላይ ከወጣን በኋላ ነው የገባኝ፤ ባልመጣ ኖሮ ስድቤ እስካሁን አንድ ተሳፋሪ ሲጠብቅ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ነበር። ራሴ መጥቼ ሞላሁለት። ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

እስከ ቴፒ ድረስ ዓይኔን ከዚያ ፌስታል ላይ አላነሳሁም። መኪናው ጭቃውን በዘለለ ቁጥር ይወዛወዛል። መንገድ ላይ ሸኮ ከተማ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፤ ሾፌሩ ለአንድ አፍታ ወርዶ ሙዝ ሲገዛ እጄን ዘረጋሁ፤ ሴትዮዋ አዩኝና መለስኩት። ዕቅዴ ቴፒ ላይ ፍላሹን የሚቀበለውን ወጣት አሠልጣኝ መለመን ነበር። አውቀዋለሁ፣ እሺ ባይ ልጅ ነው። እሱ ስረዛውን ከጫነልኝ አባቴ ምንም ሳያይ ነገሩ ያበቃል።

ቴፒ መናኸሪያ ስንገባ እሺ ባዩ ልጅ የለም። ጃንጥላ ይዞ፣ በቦቲ ጫማ የቆመው አባቴ ነው። ልጁ ከተዛወረ ወራት እንዳለፉትና ከዚያ ወዲህ ፍላሹን የሚቀበለውም የሚጭነውም አባቴ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሾፌሩ ፍላሹን በሁለት እጁ አስረከበውና ወደ እኔ ጠቆመ።

«አባባ፣ ይህችን ልጅ ይጠንቀቋት» አለ። «መንገዱን ሙሉ ዓይኗ አደራው ላይ ነበር።»

አባቴ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ናፍቀኸኝ ነው አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበለው።

ግቢው ደርሰን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ። እኔ ልጫንልህ አልኩት፤ አልፈቀደም። አዲሶቹ መልእክቶች ተዘረዘሩ። ዝንጀሮ ከላይ ነበር። ከጀርባው ቆሜ ሲያነብ አየሁት። አንዴ አነበበ፣ ተመልሶ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ያንን ዘበኛ እስካሁን ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። የዝንጀሮን የመጀመሪያ መልእክት ፈለገ። አባቴ ሁሉንም አስቀምጧቸዋል። ራስጌውን ከፈተው። የሚዛን መዝገብ ቤት ማሽን ይላል፤ የእኔ ማሽን። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ዝንጀሮ ጉንፋን ይዞት አራት ቀን ዝም ያለ ጊዜ ለምን በተከታታይ ደውሎ ምን በላሽ እንዳለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ስልክ ላይ አታወሪኝም» አለ። «ዝንጀሮ ግን ታወራኛለች።»

ይቅርታ አባዬ አልኩት። አባት አላሳደጋቸውም ያልከው እኔን ለማናደድ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ግማሹ ለማናደድ ነው አለ፤ ግማሹ እውነት ነው፣ እናትሽ ናት ያሳደገችሽ አለ። ይህን ሲል ድምፁን አልለወጠም። ከዚያ ደብተሩን ከፍቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሥራ ሰባተኛዋ ጎድላ አልተከፈተልኝም አልኩ።

«ድገሙልኝ ያለ የለም» አለኝ። «ካልተጠየቀ አይደገምም ብለሽኛል።»

ተነስቶ ወንበሩን ሰጠኝ። ቴፒ ላይ አርባውም ቁራጭ ስላለ ደብተሩ ተከፈተ። በቀጭኑ፣ ወደ ግራ በሚያዘነብለው ጽሕፈቱ የችግኝ መደብ፣ የዝናብ ቀን፣ የዝንጀሮ ጉዳት ተራ በተራ ተጽፏል። በጣቱ እየጠቆመ አንድ ገጽ ላይ አደረሰኝ።

«ዛሬ የልጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍሏን መለወጣቸውን አልሰማሁም፤ ዘበኛውን ጠየቅሁ። ሰምታኛለች መሰለኝ፣ እስከ ቤት አላናገረችኝም። ስድስተኛ ለ ናት። እንዳልረሳው እዚህ ጻፍኩት። መደብ አሥራ ሁለት፦ አራት ጥንድ ቅጠል። ጥላው ይቀነስ።»

ቀጠልኩ። በየመስከረሙ፣ ከችግኙ ሁሉ በፊት፣ የገጹ ራስ ላይ አንድ መስመር አለ። ልጄ ሰባተኛ ሀ ናት። ልጄ ስምንተኛ ሀ ናት። ኩፍኝ የያዘኝ ሳምንት ከመደብ ዘጠኝ ሥር ተመዝግቧል። ሚዛን ሥራ የገባሁበት ቀን አለ፤ «መዝገብ ቤት» ተብሎ ከሥሩ ተሰምሮበታል። አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ማልቀሴን አቆምኩ፤ ቴፒ ያሉት ሁሉ ይህን ደብተር ካወረዱት ሰንብተዋል። የግቢው ሰው በሙሉ ኩፍኜን አንብቧል። አባቴን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ስረዛውን የያዘውን የራሴን ፍላሽ አውጥቼ ሰጠሁት። መለሰልኝ። ይቆይ፣ ነገ በፍላሹ የሚመጣውንም ስረዛ አልጭነውም፣ ወሩ ሲሞላ ሰርቨሩ ራሱ ይጠርገዋል አለ። ከዚያ በሁለት ጣቱ፣ ፊደል እየፈለገ፣ ከዝንጀሮ መልእክት ሥር አንድ መስመር አንጠለጠለ፦ «ስድስተኛ ለ ነበረች።»

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሸኘኝ። የቴፒውን ፍላሽ ግን ለእኔ አልሰጠኝም፤ ለሾፌሩ ነው የሰጠው። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሲወዛወዝ እያየሁ ተመለስኩ።

ሚዛን ላይ የዝንጀሮ መልእክት ተሰርዟልና ሰዉ ለሁለት ሳምንት በዚያች መስመር ተጨቃጨቀ። አንዱ አዲስ የቡና ዝርያ ናት አለ። ሌላው የአፈር ደረጃ ናት አለ። ኃላፊው የመለዋወጫ ቁጥር እንዳትሆን ብለው ካታሎግ አገላበጡ። ዝንጀሮ አስተያየት አልሰጠም። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ፋይል በሚለጠፍበት ርዕስ ሥር፣ በራሴ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ፦ «ከችግኝ ጣቢያው ደብተር አርባ ቁራጮች አሥራ ሰባተኛዋ ጎድላኛለች። እባክዎ ይድገሙልኝ።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ መጣች። ከሥሯ አባቴ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ለዝንጀሮም አንድ ቅጂ ይድረሳቸው።»